ከጠርሙስ ስባሪ የሚሠራ ጌጥ፦ ከሐረር ስፌት ንድፍ ወስዶ የብርጭቆ ዶቃ በእጅ መሥራት

የብርጭቆ ጌጥ መሥራት የሚመኝ ሰው ብዙውን ጊዜ በሁለት ነገር ይያዛል፤ ወይ መሣሪያ የለኝም ይላል፣ ወይ ምን እንደምሠራ አላውቅም ይላል። ሐረር ላይ ለሁለቱም መልስ አለ። መሣሪያው ሙቀጫ፣ ወንፊት፣ ሸክላ፣ ከሰልና ወስፌ ነው፤ ሁሉም ከገበያ ወይም ከባለሙያ እጅ ይገኛል። ንድፉ ደግሞ በየቤቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ስፌት፣ ማለትም ከሣር በተሰፋው ጌጥ ላይ አለ።

እዚህ የምዘረዝረው በጋና የክሮቦ ሕዝብ የሚታወቅበትን የብርጭቆ ዱቄት ዘዴ ነው። የተሰበረ ጠርሙስ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በሸክላ ፎርማ ይሞላል፣ በምድጃ ውስጥ እስኪያያዝ ድረስ ይግላል፣ በትኩሱም ተበስቶ ቅርጽ ይይዛል። ሌላው የታወቀ መንገድ የብርጭቆ ዘንግን በነበልባል እያቀለጡ በብረት ሽቦ ላይ መጠምጠም ነው። በዚህ ሙያ ስሟ የገነነው የጣሊያኗ ሙራኖ ደሴት ናት፤ ቬኒስ የብርጭቆ ምድጃዎቿን ወደዚያ ያዛወረችው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1291 ነበር። ያ መንገድ ግን የጋዝ ችቦና ከውጭ የሚገባ ዘንግ ስለሚፈልግ ለጀማሪ ውድ ነው። የክሮቦው ዘዴ ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ ባለበት አገር ሁሉ ሊሠራበት ይችላል፤ ለእኛ የሚቀርበውም እሱ ነው።

አንደኛ፦ ንድፉን ከስፌት መውሰድ

የሐረር ስፌት ከመሃል ተጀምሮ በዙር እየተጠመጠመ ይወጣል። ቀለሙ የሚገባውም በዚያ ዙር ላይ እየተቆጠረ ነው፤ ይህን ያህል በቀይ፣ ይህን ያህል በጥቁር፣ ይህን ያህል ደግሞ ባልተቀለመው ሣር። ዙሩ ወደ ጠርዝ በወጣ ቁጥር ይረዝማልና ስፌቱን የምትሰፋው ሴት መሃል ላይ የጀመረችውን ቅርጽ እያሰፋች ትሄዳለች፣ ወይም በሁለት ቅርጾች መካከል አዲስ ታስገባለች። በቅርብ ሲታይ ውበቱ ያለው እዚህ ነው፦ በተወሰኑ ጥቂት ቀለሞች፣ በቁጥር የተያዘ ድግግሞሽ፣ ሥራ ፈትቶ ያልቀረ ባዶ ቦታ።

ዶቃ ሠሪ ከስፌት መውሰድ ያለበት ይህን አቆጣጠር ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ጀማሪዎች ሐረርን በጌጥ ላይ ለማሳየት የግንቡን በር ወይም ጅቡን መሳል ይፈልጋሉ። በ12 ሚሊሜትር ፍሬ ላይ ግን በሩ ነጠብጣብ፣ ጅቡ እድፍ ሆኖ ይቀራል። የስፌቱ ሥርዓት ትንሽ ቦታ ላይም አይጠፋም፤ በሦስት ቀለምና በስድስት ድግግሞሽ ብቻ ሊነበብ ይችላል።

በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ በጁገል ውስጥ፣ በሸሪፍ ሙዚየም ወይም ጎብኚ በሚቀበል የቆየ ቤት አንድ ስፌት ብቻ ምረጡና ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ሌሎቹን ለሌላ ቀን ተዉአቸው። በአንድ ዙር ላይ ቅርጹ ስንት ጊዜ እንደሚደገም ቁጠሩ። በሁለት ቅርጾች መካከል የቀረው ባዶ ከቅርጹ ይጠባል ወይስ ይሰፋል? አጠገብ ለአጠገብ ፈጽሞ የማይቆሙት ቀለሞች የትኞቹ ናቸው? የቤቱን እመቤት ካገኛችኋቸው ጠይቋቸው፤ የትኛው ቀለም እንደሚቀድምና ስንት ተቆጥሮ እንደሚደገም ከእሳቸው በላይ የሚነግራችሁ የለም። ስፌቱን ከግድግዳ ማውረድም ፎቶ ማንሳትም በእሳቸው ፈቃድ ነው።

ቤት ስትመለሱ ያያችሁትን በባለ ካሬ ደብተር ላይ አስቀምጡት። 12 ሚሊሜትር ወርድ ያለው ፍሬ ዙሪያው 38 ሚሊሜትር ያህል ነው። ስድስት መስመር ብታስገቡበት ለእያንዳንዱ ቀለም 3 ሚሊሜትር፣ ለእያንዳንዱ ባዶም 3 ሚሊሜትር ይደርሰዋል። ከ2 ሚሊሜትር የቀጠነ መስመር ዱቄቱ ሲሟሟና ሲሰበሰብ ስለሚደበዝዝ አትሳሉት። በስፌቱ ላይ ስምንት የነበረው ድግግሞሽ በዶቃው ላይ ስድስት ወይም አራት ቢሆን ምንም አይጎዳም፤ የሚጎዳው በቅርጹና በባዶው መካከል ያለው ሚዛን ሲፈርስ ነው።

ለሙሉ ሐብል ደግሞ ቤቱ ራሱ ሥርዓት ይሰጣል። በባህላዊው የሐረሪ ቤት ዋና ክፍል ከፍታቸው የተለያየ አምስት መደቦች አሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። አምስት ትልልቅ ፍሬዎችን በመጠን አበላልጦ፣ በመካከላቸው ትንንሾችን እየቆጠሩ ማስቀመጥ ከዚያ የሚወሰድ አደራደር ነው። ትልቁን መሃል ላይ፣ ቀጣዮቹን ግራና ቀኝ አድርጋችሁ በወረቀት ላይ ሳሉት፤ የትንንሾቹ ቁጥር ወደ ማንገቻው በሄዳችሁ መጠን ይጨምር።

ስለ ቀይ ቀለም አስቀድሜ ልናገር። የቤቱ መደብ የሚቀባው በቀይ አፈር ነው፤ ጀማሪው ሁሉ ያንን ቀይ በዶቃው ላይ ማየት ይፈልጋል። በብርጭቆ ውስጥ ንጹሕ ቀይ የሚገኘው በወርቅ፣ በሴሌኒየም፣ ወይም አየሩ በጥንቃቄ በተመጠነ እሳት በመዳብ ነው፤ ከተራ ጠርሙስ አይወጣም። ቀይ አፈር ከብርጭቆ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ሲግል ወደ ቡናማ ያዘነብላል። ስለዚህ በስፌቱ ላይ ቀዩ የያዘውን ቦታ ለቢራ ጠርሙሱ ቡኒ ስጡት፣ ጥቁሩን ለአረንጓዴው፣ ያልተቀለመውን ሣር ለነጩ ዱቄት። እሳቱ የሚሰጣችሁን ቀለም አስቀድማችሁ አውቃችሁ ከሳላችሁ ከምድጃ የሚወጣው ሥራ ከወረቀቱ ጋር ይስማማል።

ሁለተኛ፦ ጠርሙስ መምረጥ

ተራ የጠርሙስ ብርጭቆ ከ70 በመቶ በላይ ሲሊካ ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ሶዳና ኖራ ነው። ሶዳው የመቅለጫውን ሙቀት ዝቅ ያደርጋል፣ ኖራው ደግሞ ብርጭቆው ውሃ እንዳይበላው ያጸናዋል። ይህ ዓይነቱ ብርጭቆ በ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፤ በከሰል ምድጃ ልንሠራበት የምንችለውም ለዚህ ነው።

ቡኒው ከቢራ፣ አረንጓዴው ከወይን፣ ነጩ ከለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ይገኛል። ያልተሰበረ የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ወደ ፋብሪካው የሚመለስ ስለሆነ አትንኩት፤ የሚፈለገው ስባሪው ነው። ከሆቴሎች፣ ከግሮሰሪዎችና ከቆራሌዎች ጋር ከተነጋገራችሁ ስባሪውን ለይተው ያስቀምጡላችኋል። በሦስት ማዳበሪያ ለዩት፣ ቀለም ከቀለም አታደባልቁ።

የማይነኩ አሉ። የመድኃኒት አምፑልና እሳት የሚችል የማብሰያ ብርጭቆ ቦሮሲሊኬት የሚባለው፣ ለመለስለስ ከፍ ያለ ሙቀት የሚፈልግ ብርጭቆ ስለሆኑ በእኛ ሙቀት አይያያዙም፤ ከሌላው ጋር ቢቀላቀሉም ፍሬውን ይሰነጥቁታል። የድሮ ቴሌቪዥን ስክሪንና ክሪስታል የሚባለው ከባድ ብርጭቆ እርሳስ ሊኖርባቸው ይችላል። ረጅሙ የፍሎረሰንት መብራት በውስጡ ሜርኩሪ አለበት፤ መስበሩ ራሱ አደጋ ነው። የፊት መስታወትም ጀርባው ስለተቀባ ይቅር።

አንድ ፍሬ ከአንድ ዓይነት ጠርሙስ ቢሠራ ይመረጣል። ሁለት ብርጭቆዎች ሲቀዘቅዙ የሚኮማተሩት እኩል ካልሆነ በመካከላቸው ውጥረት ይፈጠራል፤ ፍሬው ያኔውኑ ባይሰነጠቅ ከቀናት በኋላ በኪስ ውስጥ ይሰነጠቃል። ሁለት ቀለም ለማጣመር ስትፈልጉ ግማሹ ከአንዱ ግማሹ ከሌላው የሆኑ ጥቂት የሙከራ ፍሬዎች ሠርታችሁ ለሁለት ሳምንት አስቀምጡ። ካልተሰነጠቁ ሁለቱን ጠርሙሶች ስማቸውን ጽፋችሁ ያዙ።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳርፈው መንገድ ነጩን ዱቄት መሠረት አድርጎ ቀለም መጨመር ነው። ለሰማያዊ አረንጓዴ፣ ፕላስቲኩ የተላጠ የመዳብ ሽቦ በፍም ላይ አግሉ፤ ሲቀዘቅዝ ጥቁር ቅርፊት ይረግፋል። ቅርፊቱን አልማችሁ ፍጩና ለ100 ግራም ዱቄት 2 ግራም ቀላቅሉ። ለደማቅ ሰማያዊ ኮባልት ኦክሳይድ ከሴራሚክ ዕቃ ነጋዴ ይገዛል፤ ለ100 ግራም ግማሽ ግራም ይበቃል። ሁለቱም ወደ ሆድ ከገቡ መርዝ ናቸው። የወጥ ቤት ሙቀጫና ማንኪያ አይንካቸው፣ ልጆችም አይድረሱባቸው።

ሦስተኛ፦ መውቀጥና መንፋት

ስባሪውን አመድ በገባበት ሙቅ ውሃ ውስጥ አሳድራችሁ ወረቀቱንና ሙጫውን ፍቃችሁ አውጡ። ወረቀት የቀረበት ብርጭቆ በእሳት ውስጥ ጥቁር ነጥብ ይሠራል።

ለመውቀጥ ጥልቅ የብረት ሙቀጫና ዘነዘና ያስፈልጋል። አፉን መሃሉ በተበሳ ጨርቅ ሸፍኑና ዘነዘናውን በቀዳዳው አሳልፉ፤ ስንጣሪ ወደ ዓይን እንዳይፈናጠር ነው። ውሃ እያርከፈከፋችሁ ውቀጡ፤ የረጠበ ዱቄት አይቦንም። የብርጭቆ አቧራ ሳንባ የሚያስቆጣ ስለሆነ ኤን 95 የሚባለውን የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ መነጽርና ወፍራም ጓንት ሳታደርጉ አትጀምሩ። ሲያልቅ በፀሐይ አድርቁት፣ ንፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ከቤት ውጭ ንፉት።

ቀጥሎ ብዙዎች የሚዘሉት ሥራ አለ። ዘነዘናውና ሙቀጫው ሲጋጩ የብረት ብናኝ ወደ ዱቄቱ ይገባል፤ ያ ብናኝ በእሳት ውስጥ ዝገት የመሰለ ጠቃጠቆ ይሆናል። ከተበላሸ የራዲዮ ድምፅ ማጉያ ማግኔት አውጡ፣ በስስ ፌስታል ጠቅልሉትና ዱቄቱን በሰፊው አንጥፋችሁ ደጋግማችሁ አሳልፉበት። ፌስታሉን ስትገለብጡት ብረቱ አብሮ ይወጣል። ነጭ ሆኖ የቀረ ነጭ ዶቃ የሚገኘው በዚህ ነው።

ነፍታችሁ ሦስት መጠን ለዩ። በዱቄት ወንፊት ያለፈው የላመ፣ በሻይ ማጥለያ ያለፈው መካከለኛ፣ ከ2 እስከ 5 ሚሊሜትር የሆነው ደግሞ ስብርባሪ ነው። የመጠኑ ልዩነት የመልክ ልዩነት ነው። የላመው ዱቄት ሲያያዝ በቅንጣቶቹ መካከል ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ታግተው ይቀራሉ፤ ብርሃን በእነሱ ላይ ስለሚበተን ፍሬው ብርሃን የማያሳልፍና ፈዘዝ ያለ ይሆናል። ቡኒ ጠርሙስ ሲልም ወደ ገለባ ቀለም የሚሄደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስብርባሪው ግን አየር ስለማያግት ቀለሙን እንደያዘ፣ ብርሃን እያሳለፈ ይወጣል። ስለዚህ ጥልቅ ቡኒ ከፈለጋችሁ ስብርባሪ፣ ጥርት ያለ የመስመር ንድፍ ከፈለጋችሁ የላመ ዱቄት ተጠቀሙ። መካከለኛው ለመሃል መሙያ ይሁን።

አራተኛ፦ ፎርማው

ፎርማውን ሸክላ ሠሪ እናቶች ዘንድ ሄዳችሁ አሠሩት፤ ሸክላቸውን ከእሳት ጋር ያስማሙት እነሱ ናቸውና አፈሩን እነሱ ይምረጡት። ውፍረቱ 3 ሳንቲሜትር የሆነ፣ ከመዳፍ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ሸክላ ይሁን። ሳይደርቅ 12 ሚሊሜትር ወርድ ባለው ክብ እንጨት 15 ሚሊሜትር ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶች በመደዳ ይጫኑበት፤ በየጉድጓዱ ወለል መሃል ደግሞ በሚስማር ትንሽ ስርጉድ ይደረግ። ያ ስርጉድ አገዳ የሚቆምበት ነው። በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ደርቆ ከማሰሮዎቹ ጋር ይቃጠል።

ብርጭቆ ከሸክላ ጋር እንዳይጣበቅ ጉድጓዶቹ በካኦሊን ይቀባሉ። ካኦሊን ነጭ የሸክላ አፈር ነው፤ ከውሃ ጋር እንደ ወተት አቅጥናችሁ በብሩሽ ሁለት ጊዜ ቀቡ፣ በመካከሉ ይድረቅ። ከእያንዳንዱ ቃጠሎ በኋላ ይታደሳል።

አምስተኛ፦ መሙላት

ክሮቦዎች ለቀዳዳው የካሳቫ ቅጠል አንገት ይተክላሉ፤ በእሳቱ ተቃጥሎ ሲጠፋ ቀዳዳ ይተዋል። እኛ ዘንድ ስንደዶ ወይም ሌላ ደረቅ ቀጭን አገዳ ይሆናል። ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የሚወፍረውን ምረጡ፣ ከፎርማው ትንሽ ከፍ እንዲል አድርጋችሁ ቁረጡና በስርጉዱ ላይ አቁሙት።

የተጠቀለለ ወረቀት እንደ ማንቆርቆሪያ ይዛችሁ መሠረቱን ዱቄት እስከ አፉ ሙሉ፣ ፎርማውን በጣት እየመታችሁ አስቀምጡት። ንድፉ የሚገባው አሁን ነው። ቀጭን መርፌ ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር አስጠግታችሁ ወደ ታች ስደዱና ትንሽ ወደ መሃል ግፉት፤ በግድግዳውና በዱቄቱ መካከል ጠባብ ቦይ ይከፈታል። ባለቀለሙን የላመ ዱቄት በወረቀቱ ጫፍ ወደዚያ ቦይ አፍስሱ። መርፌው ሲወጣ መስመሩ ከላይ እስከ ታች ቆሟል። ፎርማውን አዙራችሁ ተቃራኒውን ሥሩ፤ ከዚያ በሁለቱ መካከል ያሉትን። ከአንድ ወገን ጀምራችሁ በተርታ ብትሄዱ የመጨረሻው መስመር ቦታ ያጣል። ስፌት የሚሰፉት ሴቶች ዙሩን መጀመሪያ በሩቅ ምልክት ከፍለው ከዚያ የሚሞሉት ለዚህ ይመስለኛል።

የመስመሩ እግር ወደ ጎን እንዲሄድ ከፈለጋችሁ መርፌው በቦዩ ውስጥ እያለ በሰያፍ ጎትቱት፤ የስፌቱን ሦስት ማዕዘን የሚያስታውስ ቅርጽ ይወጣል። ዱቄቱ ሲያያዝ ቁመቱ በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ አስቡና ከፍ አድርጋችሁ ሙሉ። በስብርባሪ የምትሠሩ ከሆነ ግን አገዳ አያስፈልግም፤ ቀዳዳው በኋላ በትኩሱ በወስፌ ይወጣል።

ስድስተኛ፦ ምድጃውና እሳቱ

ምድጃው በር ያለው ትንሽ ጎጆ ነው። ከጡብና ከኩይሳ አፈር ጭቃ፣ ግድግዳው ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ኖሮት ይሠራል፤ የኩይሳ አፈር ምስጡ ያቦካው ስለሆነ ሙቀትን በደንብ ይችላል። ከታች የከሰል ክፍል፣ በላዩ ወፍራም ብረቶች ተደርድረው ፎርማው የሚያርፍበት ወለል፣ ፊት ለፊት ፎርማው የሚገባበት በር ይኑረው። በጎን በኩል የወናፍ ቱቦ ይግባ። ከተሠራ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይድረቅ፣ ከዚያም ለጥቂት ቀናት በየዕለቱ ትንሽ እሳት እየተደረገበት ይለማመድ። እርጥበት ያለበት ምድጃ በኃይል ከተሞቀ ይፈነዳል።

ምድጃው ከቤት ውጭ፣ አየር በሚዘዋወርበት ግቢ ይሁን። የጁገል ግቢዎች ጠባብና በግንብ የታጠሩ ስለሆኑ የከሰል ጭስና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይታጎርባቸዋል፤ ሽታ የሌለው መርዝ ነውና ከግንቡ ውጭ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጉ። እሳቱን ለማያያዝ ደረቅ የጫት ገረባ ጥሩ ነው፤ ሙቀቱን የሚይዘው ግን ጠንካራ እንጨት የወጣለት ከሰል ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ድሬዳዋ ላይ የሚበቃው ወናፍ እዚህ ትንሽ መጠንከር አለበት።

ሁለት ረጃጅም ወስፌዎችና አንድ ጉጠት ለብረት ቀጥቃጭ እዘዙ። ወስፌዎቹ 30 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመትና የእንጨት እጀታ ይኑራቸው፣ ጫፋቸው 2 ሚሊሜትር ይሁን።

ሰባተኛ፦ ማጋል

ሙቀት መለኪያ ከሌላችሁ ዓይናችሁ ይለካል፤ ለዚህ ጥላ ወይም የማታ ብርሃን ያስፈልጋል። የምድጃው ውስጥ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን ወደ 700 ዲግሪ፣ ደማቅ ቀይ ሲሆን ወደ 800፣ ብርቱካናማ ሲሆን ወደ 900 ነው። የምትፈልጉት ደማቁን ቀይ፣ ከ800 እስከ 850 ያለውን ነው።

የተሞላው ፎርማ መጀመሪያ በበሩ አጠገብ ይሙቅ፤ በቀጥታ ወደ ፍም ከገባ ሸክላው ይሰነጠቃል። አገዳው ጨሶ ሲያበቃ ወደ ውስጥ ግፉት። ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይወስዳል፣ እየደጋገማችሁ እዩት። መጀመሪያ ዱቄቱ ከግድግዳው ይላቀቃል። ቀጥሎ ላዩ ሻካራ ሆኖ ይያያዛል። ከዚያ የቅንጣቶቹ ሹል ጫፍ ይጠፋና ላዩ ፍሙን ማንጸባረቅ ይጀምራል፤ የሚወጣው ያኔ ነው። ቢዘገይ ንድፉ ይፈስሳል። በ700ና በ800 መካከል ረጅም ጊዜ ቢቆይ ደግሞ ላዩ ላይ ነጣ ያለ ደብዛዛ ቆዳ ይወጣበታል፤ ስለዚህ በዚያ መካከል ወናፉን አታሳርፉት። ጭስ የበዛበት እሳት የመዳቡን ቀለም ያጠቁረዋል፤ ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ፍም እስኪሆን ጠብቁ።

ፎርማውን በጉጠት አውጥታችሁ በጡብ ላይ አሳርፉ። አንዱን ወስፌ በቀዳዳው አስገቡ፣ በሁለተኛው ፍሬውን ከጎን ደግፋችሁ በጉድጓዱ ውስጥ አዙሩት። እየዞረ ጎኑ ይከባል፣ ቀዳዳው ይስተካከላል። ብርጭቆው በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ መጠንከር ይጀምራል፤ ወስፌው መቃወም ሲጀምር አቁሙና ፎርማውን መልሱ፣ ሲለሰልስ ቀጥሉ። የጠነከረውን በግድ ማዞር ፍሬውን ይሰብረዋል፣ ስንጣሪውም ትኩስ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ቃጠሎ በፎርማው ላይ ጥቂት ጉድጓዶች ብቻ ሙሉ። የጥጥ ልብስ ልበሱ፤ ናይሎን ቆዳ ላይ ይቀልጣል። በትኩስ ፍሬም ሆነ ፎርማ ላይ ውሃ አይፈስስም።

ስምንተኛ፦ ማቀዝቀዝ

ዶቃው ነገ ይኑር ወይም አይኑር የሚወሰነው እዚህ ነው። ላዩ ከውስጡ ቀድሞ ከቀዘቀዘ ውስጡ በኋላ ሲኮማተር ላዩ አይከተለውም፤ ውጥረቱ በብርጭቆው ውስጥ ታግቶ ይቀራል። ውጥረቱ የሚለቀው በ540 ዲግሪ አካባቢ ጥቂት ሲቆይ ነው። ለዚህም በምድጃው አጠገብ በክዳን የሚዘጋ ትልቅ የሸክላ ዕቃ ተነፍቶ በደረቀ አመድ ሙሉና አመዱን አስቀድማችሁ በደንብ አሙቁት። ፎርማውን ከነፍሬው በአመዱ ውስጥ ቅበሩ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ በዙሪያው ጥቂት ፍም ተዉለት። እስከ ማግስቱ ጠዋት አይከፈት።

ብርሃን የሚያሳልፉትን ፍሬዎች መመርመር ይቻላል። የስልካችሁን ስክሪን ነጭ ገጽ አብሩና ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነጽር በፊቱ አዙሩ፤ በአንድ አቅጣጫ ላይ ስክሪኑ ይጨልማል። በዚያ ጨለማ ላይ ፍሬውን በስክሪኑና በመነጽሩ መካከል ያዙት። ጸጥ ብሎ የቀዘቀዘ ፍሬ ጨልሞ ይቀራል። ውጥረት ያለበት በቀዳዳው ዙሪያ የሚያበራ መስቀል ወይም የቀለም ቅብ ያሳያል። እንዲህ ያለውን ለሽያጭ አታውጡ፤ እንደገና አሙቃችሁ በአመድ ውስጥ አሳድሩት። ስልኩ ለዚህ የማይሠራ ከሆነ የኮምፒውተር ስክሪን ሞክሩ።

ዘጠነኛ፦ ማጠብና ማለስለስ

ካኦሊኑን በውሃና በጠንካራ ብሩሽ አውጡ፣ የቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ። ከዚያ ፍሬዎቹን በሽቦ ሰክታችሁ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በደቃቅ አሸዋና በውሃ አመላልሷቸው፤ ሻካራው ይለሰልስና ላዩ ስስ ጭጋግ የመሰለ ወዝ ይይዛል። ብዙ ሰው አብረቅራቂውን ይመርጣል፤ እኔ ይህኛውን እወዳለሁ፣ ከብር ጋር ሲቀመጥ ብሩን አይሸፍነውም። የቀዳዳውን አፍ ግን በረጠበ ብርጭቆ ወረቀት ሳታለሰልሱ አትለፉት፤ ክር የሚቆርጠው እሱ ነው።

ውሃ በተራ በሚደርስባት ከተማ ይህን ሁሉ በቧንቧ ማጠብ አይገባም። ሦስት ባልዲ አስቀምጡ፤ በመጀመሪያው ታጥቦ በሁለተኛውና በሦስተኛው ይለቅለቅ። ሲያድር ዝቃጩ ይወርዳል፣ የጠራው ለነገ ይሆናል። ዝቃጩን ወደ ፍሳሽ ሳይሆን አድርቃችሁ ለምድጃው ጭቃ አድርጉት።

አሥረኛ፦ መሰካት

በደብተሩ ላይ የሳላችሁትን አውጥታችሁ ፍሬዎቹን በጨርቅ ላይ ደርድሩ። የመጠንና የቀለም ልዩነት ይኖራል፤ ተቀራራቢዎቹን ግራና ቀኝ አጋጥሟቸው። በአንገት ሥር የሚያርፍ ሐብል ከ40 እስከ 45 ሳንቲሜትር፣ የእጅ አምባር ከ17 እስከ 19 ሳንቲሜትር ይሆናል።

የብሩን መያዣና መለያ ፍሬ ለሐረር አንጥረኞች እዘዙ። በቀድሞ ጊዜ የብር ጌጥ ምንጭ የነበረው የማርያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ንጹሕ ብሩ ከ1,000 እጅ 833 ነው። ዛሬ የምትገዙት ምን ያህል ብር እንዳለበት ጠይቁና በደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ገዢው ሲጠይቃችሁ የምትመልሱት ቃል ይኖራችኋል። ዶቃውንም "ከጠርሙስ በእጅ የተሠራ አዲስ ሥራ" ብላችሁ ሽጡት። በሐረር አደባባይ በፈረስ መጋላ የሚያልፍ እንግዳ "ጥንታዊ ነው?" ብሎ ሲጠይቅ አይደለም በሉት፤ ሥራው የሚያሳፍር አይደለም።

ክሩ የተጠመዘዘ የጥጥ ከሆነ በሰም ይታሸት፣ ለከባድ ፍሬ ግን ጠንካራ ናይሎን ይሻላል። በየፍሬው መካከል አንድ ቋጠሮ ይሁን፤ ብርጭቆ ከብርጭቆ እንዳይፋተግ፣ ክሩም ቢበጠስ ሁሉም እንዳይበተን ነው። ቋጠሮውን በወስፌ ጫፍ እስከ ፍሬው አፍ ገፍታችሁ አጥብቁት። ሐብሉ ሲያልቅ የራሱን ክብደት እጥፍ የሚሆን ነገር አንጠልጥላችሁበት ይደር። ጠዋት በፍሬና በቋጠሮ መካከል ክፍተት ካያችሁ ክሩ ተስቧል፤ ፈትታችሁ እንደገና ስኩት።